ርካሹ መኪና ምን ይጎድለዋል? የ‹‹ኦፕሽን›› ታሪክ ከፎርድ ሞዴል ቲ እስከ ዛሬ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ከዋጋው ቀጥሎ ጎልቶ የሚሰማው ቃል ‹‹ፉል ኦፕሽን›› ነው። ደላላው ሲያስተዋውቅ ይጠራዋል፤ ሻጩም ዋጋ አልቀንስም ሲል ይህንኑ ምክንያት ያደርጋል። መኪናው ፉል ኦፕሽን ነው ከተባለ ግን ያው ስም ያለው፣ ያው ፋብሪካ የሠራው፣ ከውጭ ሲያዩት ብዙም የማይለይ፣ ነገር ግን አንዳንድ ዕቃ የጎደለው ሌላ መኪና አለ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ያ ዕቃ እንዲጎድል የወሰነው ማን እንደሆነና በምን መለኪያ እንደወሰነ ነው። ብዙ ሰው ዕቃው ውድ ስለሆነ የከፈለ ያገኛል፣ ያልከፈለ ይቀርበታል ብሎ ያልፈዋል። ይህ ሥርዓት ያደገባት የአሜሪካ የአውቶሞቢል ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በመሠረታዊው ዋጋ ውስጥ የሚገባውን በተጨማሪ ክፍያ ከሚሸጠው የለየው መስመር በአብዛኛው የተሰመረው ገዢን ከገዢ ለመለየት በተሠራ የንግድ ስሌት ነው። በዚህም የተነሳ የሰውን ሕይወት የሚጠብቅ መሣሪያ ከጌጣጌጥ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት ተቀምጧል። ከዚያ ዝርዝር ያወጣውም ብዙውን ጊዜ ሕግና የሕዝብ ግፊት ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ሄንሪ ፎርድ በ1908 ለገበያ ያቀረበው ሞዴል ቲ ነው። ይህ መኪና ሁሉም ለሁሉም አንድ ዓይነት እንደነበር ይነገራል፤ ከ1914 እስከ 1925 የተሠራውም በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ሆኖም መጀመሪያ በተሸጠበት 850 ዶላር ውስጥ የፊት መስታወት፣ የሸራ ጣሪያና የፊት የጋዝ መብራት አልነበሩም፤ የፈለገ ጨምሮ ይከፍል ነበር። ፋብሪካው ያላቀረበውን ደግሞ የመለዋወጫ ነጋዴዎች በካታሎግ እየሸጡ ትልቅ ንግድ አቆሙ። የሞተሪኖ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በዚያ ዘመን ሞተር የሚነሳው ከፊት ለፊት በማኖቬላ ተዘውሮ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ማኖቬላው የአሽከርካሪውን ክንድ ይሰብር ነበር። ቻርለስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ ማለትም ሞተሪኖው፣ በ1912ቱ የካዲላክ ሞዴል ላይ ከመኪናው ጋር መጣ። ወደ ሞዴል ቲ የደረሰው ግን በ1919 ነው፤ ያኔም ጣሪያቸው ለተዘጋው ውድ ሞዴሎች ከዋጋው ጋር ሲሰጥ፣ ክፍቱንና ርካሹን የገዛ ሰው ለብቻው ይከፍልበት ነበር። ክንድን ከስብራት የሚያድን መሣሪያ በመጀመሪያ በቅንጡ መኪና፣ ቀጥሎ በውዱ ሞዴል፣ በመጨረሻ በተጨማሪ ክፍያ ወደ ርካሹ ወረደ። ይህ ቅደም ተከተል ከዚያ ወዲህ በየአሥርተ ዓመቱ ተደግሟል።

ቅደም ተከተሉን ሥርዓት ያደረገው ግን ጀነራል ሞተርስ ነው። በ1921 አልፍሬድ ስሎን የመሩት ኮሚቴ የኩባንያውን መኪኖች ከ450 ዶላር እስከ 3500 ዶላር በስድስት የዋጋ እርከኖች ደለደለ። ስሎን በ1923 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም ለየኪሱና ለየዓላማው የሚሆን መኪና ማቅረብ የኩባንያው መመሪያ ሆነ። ከታች ሼቭሮሌት፣ ከላይ ካዲላክ፣ በመካከል ኦክላንድ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዩክ ተደረደሩ። የስሎን ብልሃት እያንዳንዱን መኪና በእርከኑ የላይኛ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ ከታች ያለው ገዢ ትንሽ ጨምሮ እንዲወጣ፣ ከላይ ያለው ደግሞ በጥራት ብዙ ሳይጎዳ ገንዘብ እንዲያተርፍ። በ1927 ፎርድ ሞዴል ቲን አቁሞ ፋብሪካውን ለአዲስ ሞዴል ሲያዘጋጅ ሼቭሮሌት በሽያጭ ቀደመው። ፎርድ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሞዴልና ዋጋ በመቀነስ ያሸነፈውን ገበያ፣ ስሎን ሰው ካለበት ቀጥሎ ያለውን እርከን እንዲመኝ በማድረግ ወሰዱት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ መሰላል በብራንዶች መካከል ብቻ መቆሙ ቀርቶ በእያንዳንዱ ብራንድ ውስጥ ገባ። በ1953 ሼቭሮሌት አንዱን አካል 150፣ 210 እና ቤል ኤር በሚሉ ሦስት ስሞች ሸጠ። ልዩነታቸው በአብዛኛው በክሮም ጌጡ፣ በወንበር ልብሱና በወለል ምንጣፉ ነበር። ከዚያ ኢምፓላ መጣና ቤል ኤርን ወደ ታች ገፋው፤ በ1965 ደግሞ ካፕሪስ መጥቶ ኢምፓላን ገፋው። ትናንት የላይኛው የነበረ ስም ዛሬ መካከለኛ፣ ነገ የታችኛው ይሆናል፤ ገዢው ቦታውን ላለማጣት በየጊዜው መውጣት ነበረበት። የሠራተኛው ሼቭሮሌት በጌጥ ወደ ቢዩክ ሲጠጋም የስሎን የብራንድ መሰላል ትርጉም እየሳሳ ሄደ። ኦልድስሞቢል በ2004፣ ሌላው የኩባንያው ብራንድ ፖንቲያክ በ2010 መጥፋታቸው ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ አንዱ ምክንያት በብራንድ ውስጥ የተዘረጋው እርከን በብራንዶች መካከል የነበረውን ልዩነት መብላቱ ነው።

የተጨማሪ ዕቃው ዝርዝር እየረዘመ ሲሄድ ገዢው እውነተኛውን ዋጋ ማወቅ ተሳነው። ጋዜጣ ላይ የሚታወጀው የባዶው መኪና ዋጋ ነው፤ ነጋዴው ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና ግን ሬዲዮ፣ ማሞቂያና ሌላም ተጭኖበት ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ነጋዴው ብቻ ነበር። የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያመጡት የ1958ቱ ሕግ እያንዳንዱ አዲስ መኪና መስታወቱ ላይ መሠረታዊ ዋጋውን፣ እያንዳንዱን ተጨማሪ ዕቃ ከነዋጋውና የማጓጓዣውን ሂሳብ የሚዘረዝር ወረቀት እንዲለጠፍበት አዘዘ። ወረቀቱ ዛሬም በአሜሪካ በሴናተሩ ስም ይጠራል። ይህ ሕግ ለክርክራችን ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ዝርዝሩ በነጻ ምርጫ ስም ቢሸጥም ገዢው የመረጠውንና የከፈለበትን በግልጽ ለማወቅ የመንግሥት ትእዛዝ አስፈልጎታልና። በሚያዝያ 1964 የወጣው ፎርድ ሙስታንግ የስሌቱን ጥቅም በግልጽ አሳየ። መነሻ ዋጋው 2368 ዶላር ነበር፤ ያኔ የፎርድ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሊ አያኮካ በግለ ታሪካቸው እንደጻፉት ግን ገዢዎች በአማካይ 1000 ዶላር ያህል ለተጨማሪ ዕቃ አውጥተዋል። ርካሹ ዋጋ ሰውን ወደ ግቢው ይጠራል፣ ትርፉ ግን ከዝርዝሩ ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ክሮምና ስለ ሬዲዮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባላስፈለገ። ሰው ለጌጥ የፈለገውን ይክፈል። ችግሩ የደህንነት መሣሪያም በዚያው ዝርዝር ውስጥ መሰለፉ ነው። በ1956 የፎርድ ክፍል ኃላፊ በነበሩት በሮበርት ማክናማራ ዘመን ፎርድ ከግጭት ጉዳት የሚቀንሱ መሣሪያዎችን በማስታወቂያ አቀረበ። በግጭት ጊዜ ደረትን እንዳይወጋ የተሠራው መሪና ጠንካራው የበር ቁልፍ ከመኪናው ጋር ነበሩ፤ የደህንነት ቀበቶውና በስፖንጅ የተሸፈነው ዳሽቦርድ ግን በክፍያ። በዚያ ዓመት ሼቭሮሌት በሽያጭ ስለበለጠ ‹ደህንነት አይሸጥም› የሚለው አባባል በኢንዱስትሪው ውስጥ እንደ እምነት ተያዘ። ማስረጃው ግን ደካማ ነው። 1955 ገበያው ከመጠን በላይ የደመቀበት ዓመት ስለነበር በ1956 ሽያጭ በጠቅላላው ወረደ፤ ሼቭሮሌትም አዲስ የስምንት ሲሊንደር ሞተርና አዲስ አካል ይዞ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል ለፎርድ ሁለተኛ መውጣት ቀበቶውን ተጠያቂ ያደረገው መረጃ ሳይሆን አስቀድሞ የተያዘ አቋም ነው።

ቀበቶው ከዝርዝሩ የወጣበት መንገድም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1959 የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራው ሦስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ በስካንዲኔቪያ ገበያ ከመኪናው ጋር መሰጠት ጀመረ፤ ኩባንያውም የባለቤትነት መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገ። ቴክኖሎጂው ውስብስብ አልነበረም፤ ቀበቶው ጨርቅ፣ ዘለበትና ብሎን ነው። ሆኖም በአሜሪካ ግዴታ እንዲሆን መጀመሪያ እንደ ዊስኮንሲን ያሉ ክፍለ ግዛቶች ከ1962 ሞዴል ጀምሮ የፊት ወንበር ቀበቶን በሕግ መጠየቅ፣ ከዚያ በ1965 የሸማቾች መብት ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር ስለ መኪና ደህንነት የጻፈው መጽሐፍ ሕዝቡን መቀስቀስ፣ ከዚያም በመስከረም 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የትራፊክ ደህንነት ሕጉን መፈረም ነበረባቸው። ከጥር 1968 ጀምሮ አዲስ የመንገደኛ መኪና ያለ ቀበቶ መሸጥ ተከለከለ። ኔደር በመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ የነቀፈው ሼቭሮሌት ኮርቬይርም ከዚሁ ጉዳይ ጋር ይያያዛል። የመጀመሪያዎቹ ኮርቬይሮች መኪናው ሲጠመዘዝ የሚያረጋጋው የፊት ብረት ሳይገጠምላቸው ወጡ፤ በ1962 በተጨማሪ ክፍያ ቀረበ፣ በ1964 ሞዴል ከመኪናው ጋር ሆነ። ለፍትሕ ሲባል መንግሥት በ1972 ያወጣው ጥናት ኮርቬይር ከዘመኑ ተመሳሳይ መኪኖች የከፋ አለመሆኑን እንደደመደመ መናገር ይገባል። ያም ሆኖ አያያዙን የሚያሻሽለው ብረት በክፍያ የተሸጠባቸው ዓመታት እንደነበሩ አይካድም።

ኤርባግም በዚያው መንገድ አልፏል። ጀነራል ሞተርስ ከ1974 እስከ 1976 ኤርባግን በአማራጭነት ለሕዝብ ሲሸጥ ያቀረበው በትላልቆቹ የኦልድስሞቢል፣ የቢዩክና የካዲላክ መኪኖች ላይ ነበር። ሼቭሮሌት የሚገዛው ብዙኃኑ ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ሊያዝዘው አይችልም ነበር። በሦስቱ ዓመታት የተሸጠው ወደ 10,000 ብቻ ሆነና ተቋረጠ። ኮንግረስ በ1991 ባወጣው ሕግ መሠረት ለሁለቱም የፊት ወንበሮች ግዴታ የሆነው በ1998ቱ ሞዴል መኪኖች ነው። በአውሮፓም መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በ1995 በመርሰዲስ ውድ መኪና ላይ ታየ። በ1997 አንድ የስዊድን መጽሔት አነስተኛውን የመርሰዲስ ኤ ክላስ በድንገተኛ መሪ ማዞር ሲፈትን መኪናው ተገለበጠ። ኩባንያው ይህን መሣሪያ በኤ ክላስ ሁሉ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠመ። ለርካሹ ሞዴል ይከብዳል የተባለ ዕቃ፣ የኩባንያው ስም አደጋ ላይ በወደቀ በወራት ውስጥ ሳይከብድ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነገሩን ምስጢር የጻፈ ሰው ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዡል ዱፕዊ በ1849 ስለ ባቡር ክፍያ ሲጽፍ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ሰረገላ ጣሪያ ያልተደረገለት የጣሪያው ዋጋ ከብዶ እንዳልሆነ አስረዳ። ኩባንያው የሚፈራው የሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ነው። ድሃው የሚጎዳው ኩባንያው እሱን ሊጎዳ ፈልጎ ሳይሆን ባለ ገንዘቡን ለማስፈራት ሲባል ነው። ይህ ሐሳብ ያለ ብዙ ለውጥ በመኪና ላይ ይሠራል፤ ዛሬ ደግሞ ከምንጊዜውም ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። ቴስላ በ2016 ሞዴል ኤስን 75 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ሠርቶ በሶፍትዌር ወደ 60 ዝቅ አድርጎ በርካሽ ሸጧል። በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ከአደጋው ለሚሸሹ ባለቤቶች የተቆለፈውን ክፍል ለጊዜው ከርቀት ከፈተላቸው። ባትሪው ወትሮም መኪናው ውስጥ ነበር። ቢኤምደብሊውም በ2022 በአንዳንድ አገሮች መኪናው ላይ የተገጠመውን የወንበር ማሞቂያ በወር ክፍያ ማከራየት ጀምሮ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በዓመቱ ተወው። ዕቃው ተሠርቶ፣ ተገጥሞ፣ ተቆልፎ ሲሸጥ ‹ውድ ስለሆነ ነው› የሚለው ምክንያት ቦታ የለውም።

ሦስት መቃወሚያዎች መልስ ይሻሉ። የመጀመሪያው የምርጫ ነጻነትን የሚመለከት ነው፤ ዝርዝሩ ከሌለ ሁሉም የማይፈልገውን ይገዛል ይላል። እውነቱ ግን ዝርዝሩ ራሱ ከጠበበ ቆይቷል፤ ያጠበበውም ሕግ ሳይሆን የፋብሪካው ሂሳብ ነው። አዎ ወይም አይደለም የሚባሉ 10 ዕቃዎች 1024 ዓይነት መኪና ይፈጥራሉ፤ 20 ከሆኑ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ውቅያኖስ ተሻግረው በመርከብ የሚልኩት የጃፓን አምራቾች ይህን ብዛት ሊሸከሙት አልቻሉም። በ1976 አሜሪካ የገባው ሆንዳ አኮርድ ሬዲዮና የኋላ መስታወት ማሞቂያ በዋጋው ውስጥ ይዞ መጣ፤ በኋላም ዲኤክስ፣ ኤልኤክስ በሚሉ ጥቂት ደረጃዎች ተሸጠ። ገዢው የሚመርጠው ከተዘጋጁት ጥቂት ጥቅሎች አንዱን ሆነ፤ የአሜሪካ አምራቾችም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለሁሉም ይሁን ማለት ነጻነትን መንጠቅ ነው የሚለው፣ አምራቹ ለራሱ ምቾት በየቀኑ የሚያደርገውን ለሰው ሕይወት ሲባል ሲጠየቅ እንደ ግፍ የሚቆጥር ክርክር ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከባድ ነው፤ ሀብታሙ ቀድሞ በውድ ካልገዛ አዲስ ቴክኖሎጂ ወጪውን አይመልስም፣ ወደ ድሃውም አይደርስም ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ እውነት ነው፤ በ1978 በመርሰዲስ ኤስ ክላስ ላይ በክፍያ የቀረበው ኤቢኤስ ፍሬን ያኔ በእያንዳንዱ ትንሽ መኪና ይገጠም ማለት አይቻልም ነበር። ክርክሬ ማን ቀደመ በሚለው ላይ አይደለም፤ ከቀደመ በኋላ ስንት ዘመን እዚያው ቆየ በሚለው ላይ ነው። ቀበቶው ውድ ሆኖ አያውቅም፣ ግን ቆይቷል። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ዋጋ የሚወርደውም በብዛት ሲመረት ነው፤ ብዛቱን ደግሞ የሚያመጣው ለሁሉም መገጠሙ ነው። በዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥ የውድነቱ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ውድ ሆኖ እንዲቆይም ያደርገዋል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ለድሃ ተቆርቋሪ ነው፤ ግዴታው ዋጋ ስለሚጨምር ድሃው መኪና ያጣል ይላል። በሜክሲኮ የሆነው ለዚህ መልስ ይሰጣል። ኒሳን ሱሩ የተባለውን ያረጀ ሞዴል ያለ ኤርባግ በርካሽ ሲሸጥ ኖሯል፤ በዚያው አገር የሚሠራውና ወደ አሜሪካ የሚላከው ኒሳን ቨርሳ ግን የአሜሪካን ሕግ ስለሚጠብቅ ኤርባግ ነበረው። በ2016 ሁለቱ ፊት ለፊት ተጋጭተው ሲፈተኑ በቨርሳው የተቀመጠው የሙከራ አሻንጉሊት የመትረፍ ዕድል ነበረው፤ የሱሩው ክፍል ግን ተጨፈለቀ። ኒሳን ሱሩን መሥራት በ2017 አቆመ። በሁለቱ አሻንጉሊቶች መካከል የነበረው ልዩነት የተሠራው መኪናቸውን በሚገዛው አገር ሕግ ነው። ርካሹን መኪና የገዛ ሰው ያተረፈው ገንዘብም በአደጋ ቀን በአካሉ፣ በቤተሰቡና በሕዝብ ሆስፒታል ሂሳብ ይመለሳል።

እነዚህ መቃወሚያዎች ሁሉ የሚዘነጉት አንድ ሰው አለ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ባለቤት። ዝርዝሩ ላይ ምልክት የሚያደርገው የመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ መኪናው ግን ከእሱ ቤት ከወጣ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ይህን ከኢትዮጵያ በላይ የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው። በ1980ዎቹ የተሠራው፣ አዲስ አበባ በደረጃ መጠሪያው ዲኤክስ ብላ የምትጠራው ቶዮታ ኮሮላ እስከ ዘመናችን በጎዳናዋ ሲመላለስ ኖሯል። ከባህረ ሰላጤው፣ ከአውሮፓና ከሌላም ገበያ ያገለገሉ መኪኖች ሲመጡ፣ እዚያ አንድ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የተወው ኤርባግ እዚህ ለማያውቀው ቤተሰብ ይጎድላል። ለዚህ ቤተሰብ ‹አማራጭ› የሚባል ነገር አልቀረበለትም፤ ከሱ በፊት የነበረ ሰው መርጦለታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ መኪናን በሞተር መጠኑና በዕድሜው ይመዝነዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖችን ማስገባት ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በየደረጃው ተከፋፍለው የሚሸጡ ናቸው፤ ትልቅ ስክሪን ያለው መኪና ሁሉ የተሟላ የደህንነት መሣሪያ አለው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው፦ የመኪና ደረጃዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሊመዘኑ የሚገባቸው ግን ከላይ ባለው ቅንጦት ሳይሆን ከታች ባለው መኪና ነው። አገር ሕግ ስታወጣ ለማስገቢያ መስፈርት ዕድሜንና የሞተር መጠንን ብቻ ሳይሆን ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ ኤቢኤስና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ለመኖራቸው ማረጋገጫ ትጠይቅ። ገዢም ‹‹ፉል ኦፕሽን ነው?›› ብሎ ከመጠየቁ በፊት ኤርባጉ ስንት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ፈንድቶ በባዶ ተሸፍኖ እንዳይሆን፣ የኋላ ወንበር ቀበቶዎች እንደሚሠሩ ይጠይቅ፤ ካልተሟሉ ስክሪኑና የቆዳ ወንበሩ ዋጋ እንዲያስጨምሩበት አይፍቀድ።